ሽብልቅ

ከጠዳ እስክወጣ ምንም አልተሰማኝ፤
አዘዞ ስቃረብ ነው መቀመጫው ያማኝ።
በሃምሳ ዝም አለ፤ በስልሳ ጀመረ፤
በሰባ መስታወቱ ፊቴን መነዘረ፦
ሁለት ጢም፣ አራት ዓይን፣ ከኋላ ሦስት ባጃጅ።
በሰማንያ ተወኝ፣ ልክ እንደ ክፉ ወዳጅ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽንኩርት በጫንኩ ቁጥር
ኋላዋ ሲሰምጥ፣ ጎማው ሲፈተግ ከፓራፋንጎው ሥር፣
"ከፍ ትበልልኝ፣ ምን ይላታል?" ብዬ
ዕቃ አስመጣሁላት ከዕቁቤ ከፍዬ፤
ወፍራም ባሌስትራ፣ ረጅም አሞርዛተር፣
ማንጠልጠያው ከድሮው በአራት ጣት የሚረዝም ነበር።
"የዋናው አይደለም፤ ዋናውን ግን ያስንቃል"
ብሎኝ ነበር ሻጩ። ሻጭ ሲምል ማን ይጠይቃል!
እኔው ራሴ አሰርኩት፣ በክሪክ፣ በችኮላ፤
ቆመችልኝ እንደ ጊደር፣ ጅራቷን ሰቅላ።

አራዳ ወሰድኳት። "ጎማ ነው" አለ አንዱ፤
እርሳስ ቢለጥፍም አልለቀቃት ጉዱ።
"ክሮቸራ ነው" ያለው አዲስ ገጠመላት፤
ብሬ ተቀየረ፤ አመሏ ግን ያው ናት።
ሦስተኛው ዘንጓን ፈቶ አስመዝኖ መለሰው፤
ተመዝኖ የቀለለው ኪሴ ብቻ ነው።
"ዘንድሮ" አለች ውባለም፣ ፈገግ እንኳ ሳትል፣
"ሽንኩርቱ ራሱ ሳይላጥ ያለቅሳል።"

ከቀሃ ድልድይ ወዲያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ይርሳው የሚባል አለ፤ ጣራው የዋንዛ አበባ።
በልጅነቱ፣ ይላሉ፣ በበኣታ ደጅ አቋቋም ቀጽሎ፣
ድምፁ ቢሰበርበት ወደ ብረት የገባ፣ ጽናጽሉን ሰቅሎ።
ኮፈን አልከፈተም። እንደ ሐኪም ጠየቀኝ፦
"ባዶዋን ነው? ስትጭናትስ?" አሰብኩት። ደነቀኝ።
አሥር ኩንታል ተሸክማ ውሃ ናት፤ ባዶዋን ነው የምትርድ።
"ሸክም የሚያሽለው ሕመም" አለኝ፣ "የአቋቋም ነው። ውረድ።"

ጉድጓዱ ውስጥ ገባን። ከልጁ ደብተር መሀል የወጣች
የማዕዘን መለኪያ፤ ክር፤ ለቱንቢ አንዲት ዳዶ፤
ዓይኑን አጥብቦ አነበበ፣
እንደ ሰው መልክ፣ ብረቱን አገላብጦ።

"ካምቢዮው ጎንበስ ብሏል፣ በሥርዓቱ፣ በሦስት፤
ዲፈረንሻሉን እየው፣ ቀና ብሎ በሰባት!
ሦስት ለሦስት ነበሩ። አንዱ ጎንበስ ሲል ሌላው በልኩ ካልቀና፣
እንደ ዝማሜ ነው፤ መሀል ያለው ዘንግ ያጣል ጤና።
ጎማው ምን አጠፋ? ክሮቸራው ምን በደለ?
ኋላዋን የሰቀለ ነው አንገቷን የነቀለ።"

የሰቀለው እኔ ነኝ። ዝም አልኩ።

ምንም አላስገዛኝም። ከተጣለ ብረት መርጦ
ወደ ቶርኖ ቤት ሄደ፤ መጣ ጥንድ ሽብልቅ አስቆርጦ፣
በአንድ በኩል ጣት፣ በሌላው ምላጭ።
አባቴ መጥረቢያው ሲላላ እጀታው ላይ እንደሚመታት፣
ይርሳው በባሌስትራና በአክስሉ መሀል ከተታት፣
ወፍራም ጫፏን ወደ ፊት።
"ይህችው ናት?"
"ይህችው ናት። ቡሎኑን ግን በሳምንቱ ዳግመኛ አጥብቃት።"

ሲመሻሽ ወደ አዘዞ። እሱ ከጎኔ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
መዳፉን ማርሹ ላይ እንደ ቡራኬ ጭኖ።
ሃምሳ። ስልሳ። ሰባ።
መስታወቱ ውስጥ አንድ ባጃጅ፣ አንድ ያልተላጨ ጢም፤
ወለሉ ዝም፣ ዘንጉ ዝም።

ግን አንድ ነገር ይነዝራል፣ በቀስታ፣ በልክ።
ደንግጬ ዞር አልኩ።
ይርሳው ነው፤ ከንፈሩ ሳይከፈት፣ በዚያ በተሰበረ ድምፁ፣
አንገቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣
እጁ ማርሹን እንደ መቋሚያ ይዞ።

"ይህኛውስ ንዝረት?" አልኩት።
ዓይኑን አልገለጠም።
"እሱን ተወው" አለኝ፣
"የዋናው ነው።"